በአንቀልባ የሄደው ኮምፒውተር

የጋለ ብረት እርሳስ ሲያቀልጥ የሚወጣው ጭስ አፍንጫዬን ነካኝ። ያን ሽታ ከልጅነቴ ወዲህ አሽትቼው አላውቅም። ንፋስ መውጫ ከተማ፣ ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ ካለች አንዲት ጠባብ ሱቅ በር ላይ ቆሜአለሁ። ጀርባዬ ላይ በአንቀልባ ያዘልኩት የልጄን ኮምፒውተር ነው፤ ከላዩ ጋቢ ደርቤበታለሁ። ሱቁ ውስጥ አጎንብሶ የስልክ ሆድ የሚበረብረው ሰው ቀና ብሎ አየኝና «እናቴ፣ ጤና ጣቢያው በዚያ በኩል ነው፤ ልጁን ንፋስ ሳይመታው ቶሎ ይሂዱ» አለኝ። የልጅ ልጅ ያዘልኩ መስሎታል። ሌላ ጊዜ ቢሆን እስቅ ነበር። «የታመመው ይኸው ነው» ብዬ አንቀልባውን ፈታሁና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለት። ጋቢውን ገለጥ አድርጎ አየና «ምነው በአንቀልባ?» አለ። «ኬላ ላይ ወጣት ኮምፒውተር ይዞ ከመኪና ሲወርድ ጥያቄው ብዙ ነው፤ ሴትዮ ልጅ አዝላ ስትሄድ ማን ይጠይቃታል» አልኩት። ራሱን ነቀነቀ። በዚህ ዘመን ስለ መንገድ ሰው ብዙ አያወራም። ስሙን ጠየቅኩት፤ ጌትነት ነኝ አለኝ፤ በርጩማ ሳበልኝና ተቀመጥኩ።

ሽታው ግን እኔን ይዞኝ ሄደ። በልጅነቴ የማውቃት ጥግ ይቺው ናት። ያኔ አስፋልት የለ፣ ባጃጅ የለ፤ መንገዱ ጠጠር ሆኖ ከደብረ ታቦር የሚመጣ የጭነት መኪና ባለፈ ቁጥር ሴቱ ሁሉ ነጠላውን አፉ ላይ ይይዛል። አሁን የስልክ ካርድና የቻይና ጫማ የሚሸጥበት ቦታ ላይ ሻይ ቤት ነበር፤ ሻይ በአሥር ሳንቲም፣ ፓስቲ በአምስት። ስሙኒ የያዘ ሰው ጓደኛውን ጋብዞ መልስ ይቀበላል። ከሻይ ቤቱ ጎን በቆርቆሮ የተመታች ክፍል ነበረች፤ ጋሽ አየለ የሚባሉ ሬዲዮ ሠሪ ይቀመጡባታል። ጎፈሬያቸው ትልቅ፣ የሸሚዛቸው ኮሌታ ትከሻቸው ሊደርስ ምንም ያልቀረው፣ ሱሪያቸው ከታች እንደ ቀሚስ የሚሰፋ። ግድግዳው ላይ ሆዳቸው የተከፈተ ሬዲዮኖች ይንጠለጠላሉ፤ አንዷ ደህናዋ ደግሞ ከጠዋት እስከ ማታ ትዘፍናለች። የገበያ ቀን የከተማው ልጃገረዶች እዚያ ጥግ ሲደርሱ እርምጃቸው ይዘገያል፤ ጉርድ ቀሚስና ሹራብ ለብሰው፣ ሸራ ጫማቸውን አጥበው በጠመኔ አንጥተው። እኛ የገጠሮቹ ኮንጎ የሚባለው የላስቲክ ጫማ ነው ያለን፤ ፀሐይ ሲመታው እግር ያቃጥላል። ስለዚህ በእጃችን ይዘነው እንመጣና ከተማው መግቢያ ወንዝ ላይ እግራችንን ታጥበን እናጠልቀዋለን። ከዘፈኑ ግማሹን እዚያ ጥግ እሰማና ሌላውን ግማሽ ወደ አገሬ ስመለስ ከራሴ እየጨመርኩ እዘፍነዋለሁ። ጓደኞቼ «የሺ ዘፈን ታበላሻለች» ይሉኝ ነበር። ምን ላድርግ፣ የሚደጋግምልኝ ቴፕ የለኝ።

«ታዲያ ምን ሆኖ ነው?» ሲለኝ ነው ከሄድኩበት የተመለስኩት። ነገሩን ከሥሩ ነገርኩት። ልጄ ሀብታሙ በከተማችን በአርብ ገበያ ሰርግና ክርስትና በቪዲዮ የሚቀርጽ ነው። አባቱ ካረፈ ወዲህ ቤታችን የቆመው በእሱ ካሜራና እኔ በምሸጠው ጌሾና ብቅል ነው። ጥር ላይ የአያ ደምሌን ሴት ልጅ ሰርግ ቀረጸ። አያ ደምሌ አገር የሚያከብራቸው ሽማግሌ ነበሩ፤ ዳሱ ውስጥ ቆመው ልጃቸውን ሲመርቁ ሴቱ ሁሉ አልቅሷል፤ እኔም ነበርኩ። ሰርጉ ካለፈ ብዙም ሳይቆዩ በተኙበት አረፉ። ትልቁ ልጃቸው ሞላ ለሥራ ቆላ ወርዶ መንገዱ ተዘግቶበት፣ ለሰርጉም ሳይደርስ፣ ለቀብሩም ሳይደርስ ቀረ። መንገድ ሲከፈት መጥቶ ያገኘው የአባቱን መቃብር ነው። ያ ቪዲዮ እንግዲህ ገና ሳይቀነባበር ኮምፒውተሩ ውስጥ ነበር። የካሜራው ካርድ ደግሞ ለሌላ ክርስትና ሲባል ተጠርጓል፤ ሥራቸው እንዲያ ነው፤ አንዱን ወደ ኮምፒውተር ገልብጠው ካርዱን ለሚቀጥለው ያጸዱታል። የቀረው እዚያችው አንድ ዕቃ ውስጥ ያለው ነው።

«ቫይረስ ይመስላል፤ በሽታው ከየት ገባበት?» አለኝ ጌትነት። ይህን ለእሱ ማውጣት አልፈለግኩም። የገባው በመምሬ ጥላሁን ፍላሽ ነው። መምሬ የእኛም የእነ አያ ደምሌም የነፍስ አባት ናቸው። ስብከትና መዝሙር የሚጫንባትን ፍላሻቸውን አንገታቸው ላይ ከመስቀላቸው ጋር ያንጠለጥሏታል፤ ገበያ በወጡ ቁጥር አንዱ ሱቅ ገብተው አዲስ መዝሙር ያስጭኑባታል። አንድ ቀን ቤታችን መጥተው ባረኩንና «ልጄ፣ የሰርጉን የተክሊል ጸሎት ለእኔም ጫንልኝ» ብለው ፈትተው ሰጡት። ሀብታሙ የማንንም ፍላሽ ሳይመረምር አይሰካም። ለሙሽራው ሚዜዎች እንኳን «መጀመሪያ ይመርመር፣ ከዚያ በኋላ ነው» ብሎ ሲያስኮርፋቸው አይቻለሁ። የነፍስ አባትን ፍላሽ ግን ይመርመር ማለት፣ መስቀል ሊያሳልሙህ ሲመጡ እጅዎን ታጥበዋል ወይ ብሎ መጠየቅ ነው። ተቀበለ፣ ተሳለማት፣ ሰካት። በማግስቱ ኮምፒውተሩ ሲከፈት የፋብሪካው ምልክት ብልጭ ይልና ፊቱ ይጠቁራል። እንደገና ብልጭ፣ እንደገና ጥቁር። ሀብታሙ ከፊቱ ቁጭ ብሎ ሲያየው፣ የታመመ ሰው ራስጌ የተቀመጠ ነበር የሚመስለው።

ለጌትነት የመምሬን ስም አልነገርኩትም። «በእንግዳ ፍላሽ ነው» ብቻ አልኩት። ሞላም ቤታችን በመጣ ጊዜ ሀብታሙ «የእኔ ጥፋት ነው» እንጂ ሌላ አልወጣውም። ሞላ ጥቁር ለብሶ፣ ጺሙ አድጎ፣ ደጃፋችን ላይ ቆሞ ነበር። ግባ ብለው አልገባም። ድምጹን ከፍ አላደረገም፤ ያስፈራኝም እሱ ነው። «እትዬ የሺ፣ የአባቴ አርባ ደርሷል። ያኔ ተዝካሩ ላይ አባቴን ካላየሁት ልጅዎን እኔ ፊት አያቁሙት» ብሎኝ ሄደ። ሰዎቹ ደግሞ በየቡና ቤቱ ያወራሉ፤ ልጁ ቪዲዮውን ሆን ብሎ አጥፍቶታል፣ ከሌላ ወገን ተልኮ ነው ይላሉ። ወሬ በእኛ አገር ወሬ ሆኖ አይቀርም። ከዚያ ቀን ወዲህ ልጄ በበሩ ሳይሆን በጓሮ ነው የሚወጣው። አርባው ነገ ነው።

ጌትነት ኮምፒውተሩን ገልብጦ ከታች ያሉትን ጥቃቅን ብሎኖች ፈታ፤ ዲስኩን አውጥቶ በሽቦ ኃይል ሰጠውና ጆሮው ላይ እንደ ሰዓት አስጠጋው። «እናቴ፣ ሁለት መንገድ አለ» አለኝ። «አንደኛው ፎርማት ነው። ውስጡን ጠርጌ እንደ አዲስ እጭንለታለሁ፤ እስከ ምሳ ድረስ ተነስቶ ይሄዳል። ልጅዎም ነገውኑ ይሠራበታል።»

«የአያ ደምሌ ቪዲዮስ?»

«እሱ አብሮ ይጠረጋል።»

«ሁለተኛውስ?»

«ዲስኩን ከራሴ ኮምፒውተር ጋር አያይዤ የተቀበረውን መቆፈር ነው። ሊገኝ ይችላል፣ ላይገኝም ይችላል። ግን ይሄ ዲስክ ራሱ ደክሟል፤ ይሰማኛል፣ ይንኳኳል። ሲቆፈር ጨርሶ ሊያርፍ ይችላል። ያኔ ቪዲዮውም የለም፣ ኮምፒውተሩም የለም። ለልጅዎ ይደውሉና ይጠይቁት።»

ስልኬን አወጣሁት፤ ኔትወርክ የለም። እሱም የራሱን አየና መልሶ አስቀመጠው። ከመሠረተ ትምህርት ወዲያ ደብተር ይዤ የማላውቅ ሴት፣ የልጄን እንጀራና የልጄን ነፍስ ሚዛን ላይ አስቀምጠው ምረጪ አሉኝ። እንጀራውን ብመርጥ ሞላ አለ። ቪዲዮውን ብመርጥ ምናልባት ሁለቱም የሉም። ጌትነት አላጣደፈኝም፤ ሌላ ስልክ አንስቶ መሥራት ጀመረ። የእርሳሱ ሽታ እንደገና ሱቁን ሞላው። «ቆፍረው» አልኩት።

መቆፈሩ ረጅም ነበር። አንድ አረንጓዴ መስመር በቀስታ ይረዝማል፤ ቀንድ አውጣ ከእሱ ይፈጥናል። እኔም ከዚያ መስመር ላይ ዓይኔን ሳላነሳ ወደዚያኛው ዘመን ተመለስኩ። ያኔም ጎረምሳ ከቤት የማይወጣበት ጊዜ ነበር። ታላቅ ወንድሜ አበጀ በሬ ሊሸጥ ገበያ ወጥቶ ከዚያው ለውትድርና ተወሰደ። በሬው ብቻውን ተመለሰ። እናቴ የተመለሰውን በሬ ሸጠችና ሬዲዮ ገዛች። ሰው አብዳለች አላት። እሷ ግን እሁድ እሁድ ከቀትር በኋላ ጦር ሜዳ ያሉ ልጆች ለወላጆቻቸው የሚልኩት ሰላምታ በሬዲዮ ይነበባል ሲባል ሰምታለች። ለሬዲዮው በዳንቴል ልብስ ሠራሁለት፤ ነጭ ሆኖ ዳር ዳሩ ቀይ። መደብ ላይ ከፍ አድርገን አስቀመጥነው። የባትሪ ድንጋዩ ሲደክም አውጥተን ሰፌድ ላይ ከበርበሬው ጋር ፀሐይ እናሰጣዋለን፤ ትንሽ ይነቃል፤ እሁድን ያደርሳል። እናቴ በሌላው ቀን አታስከፍተውም። ለዘፈን ስንለምናት «ድምጹን አትጨርሱብኝ» ትለን ነበር። ድምጹ ውስጡ እንደ እህል የተከተተ፣ በዘፈነ ቁጥር የሚጎድል ይመስላታል። እሁድ ሲደርስ ነጠላዋን አደግድጋ ቤተ ክርስቲያን እንደምትቆም ከፊቱ ትቆማለች። የሰው ልጅ ስም ይጠራል፤ ለእናቴ ለወይዘሮ እገሊት፣ ለእህቶቼ፣ ለጎረቤቶቻችን፣ ደህና ነኝ። የእኛ አይጠራም። ሲያልቅ ትዘጋዋለች፣ ልብሱን ታለብሰዋለች።

አንድ ሳምንት ሬዲዮው ዝም አለ። ድንጋይ ቢቀየር፣ ፀሐይ ቢሰጣ፣ ጎኑን ብንመታው ዝም። እኔ ተሸክሜው እዚህ ጥግ ድረስ በእግሬ መጣሁ። ጋሽ አየለ ከፈቱትና ያንን ብረታቸውን አግለው ነካ ነካ አደረጉት፤ ይህ ሽታ ያኔ ነው አፍንጫዬ ውስጥ የገባው። «የምትቀየር ዕቃ አለችው፤ ከደብረ ታቦር እስክትመጣ ይቆይ፤ በሚቀጥለው ገበያ ነይ» አሉኝ። መሐል ላይ አንድ እሁድ ነበረች። እናቴ ያን እሁድ ባዶው መደብ ፊት ቆመች። በሳምንቱ ከማዶው ሸንተረር የመጣ አንድ ሰው እንዲያው በጨዋታ መሐል «ባለፈው እሁድ የጋይንት ልጅ በሬዲዮ ሲጠራ ሰምተን ነበር፤ ስሙን ግን ልብ አላልነውም» አለ። ሬዲዮው ተሠርቶ መጣ፤ ብዙ ዘመን ዘፈነ፤ አበጀ ግን አልመጣም። እናቴ እስክትሞት ድረስ ሌላ ሁሉ ነገር ሲረሳት ያቺ እሁድ አልተረሳቻትም። የሞተ ቢሆን አልቅሳ ትወጣው ነበር። እሷን የበላት ተጠርቶ ይሆን የሚለው ነው።

ስለዚህ የሞላን ነገር ስሰማ ፈራሁት እንጂ ልጠላው አልቻልኩም።

«እናቴ፣ ወደዚህ ይቅረቡ» አለኝ ጌትነት። ኮምፒውተሩ ፊት ላይ ጥቃቅን ምስሎች አንድ በአንድ መውጣት ጀምረዋል። «ስማቸውን በሽታው በልቶታል፤ ቁጥር ብቻ ነው ያላቸው። እኔ ሰዎቹን አላውቃቸውም። የትኛው ሰርግ የማን እንደሆነ እርስዎ ይወቁልኝ።»

ተጠጋሁ። ልጄ ካሜራ ከያዘ ጊዜ ጀምሮ ያለው አገር በሙሉ ተዘርግቷል። ያገባውም የተፋታውም፣ ያለውም የሞተውም። ክርስትና ሲነሳ ያለቀሰ ሕፃን ትንሽ ወረድ ብሎ የትምህርት ቤት ልብስ ለብሶ ይታያል። የመጀመሪያዎቹ ሙሽሮች ጥበብ ቀሚስ ለብሰዋል፤ ወደ ታች ሲመጣ ቬሎው ይበዛል፤ ሚዜዎቹ ጥቁር መነጽር ያደርጋሉ። እኔ በበቅሎ ነው የተዳርኩት፤ ፊቴ ተሸፍኖ፤ መንገዱን በጆሮዬ ነው የማውቀው፤ የሚያጅቡኝ ሴቶች ዘፈን ቁልቁለት ላይ ሲቆራረጥ፣ ሜዳ ላይ ሲገጥም። ከሰርጌ አንድ ምስል የለኝም። የባለቤቴንም ፊት የማስታውሰው ለመታወቂያ ከተነሳት ጉርድ ፎቶ ነው፤ እዚያ ላይ ደግሞ ተቆጥቷል። «ይሄ የማን ነው?» ይለኛል ጌትነት። «የእስቴ ሰዎች ነው፤ እለፈው።» «ይሄስ?» «ይቺ ሞታለች፤ እለፋት።» መሐል ላይ መብራት ሄደ። ትንፋሼ አብሮ ሄደ። «አይዞዎት፣ በመኪና ባትሪ ነው የምሠራው፤ በዚህ ከተማ መብራት ያመነ ሰው ሥራ አይሠራም» አለኝ።

ያን ጊዜ ሱቋ ይበልጥ ጨለመች። ቀና ስል በሩ ላይ ሞላ ቆሟል። ከኋላዬ በሌላ መኪና ተከትሎኝ መጥቷል።

«ሸሹ፣ እትዬ የሺ?» አለኝ።

«የምሸሽበት የት አለኝ።»

«ዕቃውን ይዛ ጠፋች አሉኝ። ልጁስ?»

«ልጄ ቤቱ ነው። ላሸሸው ብፈልግ ኖሮ እሱን ይዤ እሄድ ነበር እንጂ ብረት ተሸክሜ እዚህ እመጣለሁ?»

ጌትነት ቀና ሳይል «ወንድሜ፣ ወይ ግባና ተቀመጥ፣ ወይ ከብርሃኑ ዞር በልልኝ። ይሄ ዕቃ በሽተኛ ነው፤ በር ላይ እንደ ዳኛ ቆመህበት አይነሳም» አለው። ሞላ ገባ። ከእኔ ጎን በርጩማ ላይ ሲቀመጥ ጉልበቱ ጉልበቴን ተጫነው። ምስሎቹን ማየት ጀመረ። «በምንድነው የታመመው?» አለ።

«በፍላሽ ነው» አለ ጌትነት፤ ምን ያውቃል። «ይኸው ከበሽታው ጋር የገቡት ማኅደሮች ሁሉ መዝሙርና ስብከት ናቸው። የየገበያውን በሽታ ለቅሞ የመጣ ፍላሽ ነው።»

ሞላ ወደ እኔ ዞረ። «የማን ፍላሽ?»

ያቺ ሰዓት ለእኔ ከባድ ነበረች። ስማቸውን ብጠራ ልጄ ነጻ ይወጣል። ነገ ግን በአያ ደምሌ አርባ ላይ ፍትሐቱን የሚመሩት እሳቸው ናቸው፤ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ሞላ በምን ዓይን ያያቸዋል፤ መስቀላቸውንስ እንዴት ይሳለማል። ሀብታሙ በነፍሱ ፈርቶ እንኳ ያልተናገረውን እኔ እናቱ ላወጣው ነው? «የእንግዳ ነው» አልኩት።

ሞላ አየኝ። «አንገታቸው ላይ ከመስቀሉ ጋር የምትንጠለጠለው ጥቁሯ ናት?»

ዓይኔን ወደ ምስሎቹ መለስኩ።

«የእህቴንም ቴሌቪዥን እሷው ናት ያፈዘዘችው» አለ። ጌትነት ሳቀ። ሞላ አልሳቀም፤ ግን ጉልበቱ ከጉልበቴ ትንሽ ላላ።

ከዚያ አየኋቸው። አያ ደምሌ፣ ዳሱ ውስጥ፣ ጭራቸውን ይዘው ቆመዋል፤ ምስሉ ከጥፍሬ አይበልጥም። «እሱ ነው፤ እሳቸው ናቸው» አልኩ። ጌትነት ነካው፤ አልከፈት አለ። በሌላ መንገድ ሞከረው፣ በሌላ ፕሮግራም ሞከረው። አንዴ ግራጫ ሆነ፣ አንዴ አረንጓዴ መስመር በመስመር ሆነ፣ ከዚያ ተዘጋ። «ምርቃቱ ያሉኝ ይሄ ነው፤ ትልቁ ፋይል ነው። መሐሉ ተበልቷል» አለ። «እናቴ፣ ልዋሽዎት አልችልም፤ ይሄ አይነሳም።» የሞላን ፊት ማየት አልቻልኩም። እጁ ብቻ ይታየኝ ነበር፤ ጠረጴዛውን ጨብጦታል። ልጄ በጓሮ በር ሲወጣ ታየኝ። በልቤ፣ ዛሬ ወደ ቤት የምመለሰው ምን ይዤ ነው እያልኩ ነበር።

«ቆይ፣ ከእሱ በፊት የተነሳች አንዲት ትንሽ አለች» አለ ጌትነት። «ይቺ ደህና ናት፣ አልተነካችም።»

ተከፈተች። አያ ደምሌ ዳሱ ጥግ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፤ ሰርገኛው ገና አልገባም፤ ከኋላቸው ሴቶች ጎንበስ ቀና ይላሉ። ሽማግሌው ካሜራውን ትኩር ብለው እያዩ «አንተ ልጅ፣ ይሄ ነገር ሩቅ ላለ ሰውም ይደርሳል?» አሉ። ከካሜራው ኋላ የልጄ ድምጽ ተሰማ፤ «ይደርሳል አባቴ።» ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ሞላ ቀረብኝ» አሉ። «መንገዱ ነው እንጂ እሱ አይቀርም ነበር። እንዲህ ለብሼ አላየኝም፤ ቶሎ ጨርስና ላክለት።» ከዚያ ቁልቁል ራሳቸውን አዩና በሁለት እጃቸው ትከሻቸውን ዳበስ አድርገው «ጋቢዬ ተጣሟል እንዴ?» አሉ። አለቀ።

«ምነው ቆመ?» አለ ሞላ። ድምጹ ሌላ ሆኖ ነበር።

«አልተበላም፤ ይቺ እዚሁ ላይ ነው ያለቀችው። ቀራጩ ነው ያቆማት።»

«ድገመው።»

ደገመው። እንደገና ደገመው። በኋላ ሞላ ተነስቶ ወጣና ጀርባውን ሰጥቶን መንገዱ ዳር ቆመ። ባጃጅ ጡሩንባ ነፋበት፤ ዞር አላለም። ሲመለስ ዓይኑ ቀልቷል። ስልኩን ለጌትነት ዘረጋለትና «እዚህ ላይ አድርግልኝ» አለው።

«ምርቃቱ ግን...» አልኩ።

«ምርቃቱ የእህቴ ነው። እሷም ሰምታዋለች፣ አገሩም ሰምቶታል» አለኝ። ስልኩን ወደ ደረት ኪሱ ከተተው። «ይሄ የእኔ ነው።»

ጌትነት የተረፈውን ሁሉ በሌላ ዲስክ ላይ ገለበጠልን፤ የእኛን ዲስክ ጠርጎ መልሶ ገጠመና ዊንዶውስ ጫነበት። ኮምፒውተሩ ሲነሳ ሰማያዊ ፊት ብቻ ነበር፤ አዲስ ቤት ሰው ሳይገባበት እንደሚመስለው። ሞላ ተሸከመልኝ። መኪናው ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጥን። እስከ አርብ ገበያ ድረስ ስለ ልጄም አላነሳ፣ ይቅር ብያለሁም አላለ። እኔም መጠየቅ ፈራሁ። ሰው ሐዘኑን ከጨረሰ በኋላ ቁጣው መቼ እንደሚመጣ አይታወቅም፤ ተዝካሩ ላይ የሚጠብቁት ሌሎቹ ወንድሞቹም አሉ። እስከ ደጄ ሊከተለኝ መሆኑን አወቅኩ። ተመለስ እንዳልለው ዕቃዬን እሱ ነው የያዘው።

ሀብታሙ አጥሩ ጋ ቆሞ ይጠብቀኝ ነበር። ከኋላዬ ሞላን ሲያይ ወደ ጓሮው ሊል አንድ እግሩን አነሳ፤ ከዚያ እኔን አየኝና ቆመ። መሐላቸው ልገባ ስል ተቀደምኩ። ሞላ ኮምፒውተሩን ቀስ ብሎ መሬት ላይ አኖረና ልጄ ፊት ደረሰ።

«አንድ ነገር ንገረኝ» አለው። «አባቴ ጋቢዬ ተጣሟል ወይ ብሎ ሲጠይቅህ ምን አልከው?»

ሀብታሙ ለጊዜው አልገባውም። እኔን አየ፣ ሞላን አየ። ከዚያ ትዝ አለው።

«በአንድ በኩል ወርዷል አልኳቸው» አለ። «ካሜራውን አስቀመጥኩና በእጄ አስተካከልኩላቸው።»

ሞላ የልጄን እጆች ቁልቁል አየ። ቆይቶ፣ ሁለቱንም ያዛቸው።